ክፍት የግራፊክስ ካርድ፦ ንድፉ ከተገኘ ቆይቷል፣ የጠፋው ሌላ ነው

ኤንቪዲያ በጁላይ 2025 የገበያ ዋጋው 4 ትሪሊዮን ዶላር የደረሰ የመጀመሪያው ኩባንያ ሆነ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዚህ ሁሉ ሀብት መነሻ ጌም ለሚጫወቱ ወጣቶች የተሠራ ዕቃ ነው፤ ግራፊክስ ካርድ። ዛሬ ግን አብዛኛው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠለጥነው በዚሁ ዕቃ ልጆችና የልጅ ልጆች ላይ ነው። አሜሪካ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ የላቁት ቺፖች ቻይና እንዳይገቡ መከልከሏን ያየ ሰው፣ ዕቃው ከመጫወቻነት ወጥቶ የመንግሥታት መደራደሪያ መሆኑን ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

እንግዲህ ጥያቄው ይመጣል። ሊኑክስን የሚያህል ነገር ተባብሮ ጽፎ ለዓለም በነፃ የሰጠ ማኅበረሰብ፣ ግራፊክስ ካርድ ላይ ሲደርስ ለምን ይቆማል? ንድፉ ለማንም ክፍት የሆነ፣ የፈለገ የሚያነበው፣ የቻለ የሚያርመው ካርድ ሱቅ ውስጥ ለምን አይገኝም?

ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንዱ ወገን "የማይሆን ነገር ነው፣ ቢሊዮን ዶላር ይጠይቃል" ይላል። ሌላው "ሊኑክስንም እንዲህ ብለውት ነበር፣ ጊዜ ነው እንጂ አይቀርም" ይላል። ሁለቱም ወገኖች ሳያዩት የሚያልፉት ነገር አለ፦ ክፍት የግራፊክስ ሃርድዌር ከዚህ በፊት ተነድፏል፤ ያውም አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ። የወደቀው ሁልጊዜ ከንድፉ በኋላ በሚመጣው ነገር ነው።

መጀመሪያ ግን ጉዳዩ ለማን ምን ያደርግለታል የሚለውን ማየት ይገባል። ግራፊክስ ካርድ ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ኮምፒውተር ነው። የራሱ ፕሮሰሰሮች፣ የራሱ ሜሞሪ፣ ሲበራ የሚጭነው የራሱ ፕሮግራም አለው። ባለቤቱ ካርዱን ሲያዝዘው የሚያዝዘው በድራይቨር በኩል ነው፤ ድራይቨሩን የሚጽፈው ደግሞ አምራቹ ነው። አምራቹ "በቃኝ" ያለ ቀን ካርዱ ሳይበላሽ ያረጃል። ኤንቪዲያ ኬፕለር ለሚባለው የካርድ ትውልድ መደበኛ ድራይቨር ማውጣቱን በ2021 አቆመ፤ የደኅንነት እርማቱም እስከ 2024 ብቻ ነበር። ሎስ አንጀለስ ላለ ጌም ተጫዋች ይህ ምንም አይደለም፣ ቀድሞም ቀይሮታል። ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ አዲስ አበባ ውስጥ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ልጅ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ዕቃው ደኅና ነው፣ ትራንዚስተሩ አልተቃጠለም፤ ግን አዲሱ ሶፍትዌር "አላውቅህም" ይለዋል። ንድፉና ድራይቨሩ ክፍት ቢሆን ኖሮ አምራቹ የተወውን ሌላ ሰው ባነሣው ነበር።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ2004 ቲሞቲ ሚለር የተባለ የግራፊክስ ቺፕ ንድፍ ባለሙያ "ኦፕን ግራፊክስ ፕሮጀክት" የሚል ሥራ ጀመረ። ሰውየው ሲመኝ የዋለ ተማሪ አልነበረም፤ ይሠራበት የነበረው ቴክ ሶርስ የተባለ ኩባንያ ለአየር ትራፊክ መቆጣጠሪያና ለሕክምና ምስል ስክሪኖች ካርድ የሚያመርት ነበር። ዕቅዱም ብልህ ነበር። መጀመሪያ ኤፍፒጂኤ በሚባል፣ ከተገዛ በኋላ ውስጡ እንደተፈለገው መልሶ ሊዋቀር በሚችል ቺፕ ላይ የሙከራ ካርድ መሥራት፣ ካርዱን ለባለሙያዎች ሸጦ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ ከዚያ በዚያ ገንዘብ እውነተኛውን ቺፕ ፋብሪካ ማስመረት።

የሙከራ ካርዱ ተሠራ። ኦጂዲ1 ይባላል፤ 256 ሜጋባይት ሜሞሪና ሁለት የስክሪን መውጫ ነበረው። በ2008 ትእዛዝ መቀበል ሲጀመር የተጠየቀው ዋጋ 1,500 ዶላር ነበር። በዚያ ዘመን ከመቶ ዶላር በታች የሚሸጥ ተራ ካርድ ከእሱ እጅግ የተሻለ ሥዕል ያወጣ ነበር። ጥቂት ካርዶች ተሸጡ፤ ለዋናው ቺፕ የሚሆነው ገንዘብ ግን አልመጣም፣ ፕሮጀክቱም ቀስ በቀስ ዝም አለ። ላም አለኝ በሰማይ ይሉት ዓይነት ሆነ ማለት ይቻላል፤ ምንም እንኳ ይህች ላም ቢያንስ ቀንዷ ታይቶ የነበረ ቢሆንም።

ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ምክንያት እዚህ ላይ አለ። በ2006 ኤቲአይን የገዛው ኤኤምዲ በሴፕቴምበር 2007 የካርዶቹን ቴክኒካዊ ሰነዶች ለክፍት ድራይቨር ጸሐፊዎች መልቀቅ ጀመረ። ኦፕን ግራፊክስን የደገፉት ብዙዎቹ ሰዎች ይፈልጉ የነበረው ሊኑክስ ላይ ሳያስቸግር የሚሠራ ካርድ ነበር። ያንን ደግሞ ከኤኤምዲ በርካሽ ማግኘት ጀመሩ። ጥማቱን ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ቆረጠው።

ሁለተኛው ሙከራ በ2013 መጣ። ነምበር ናይን የተባለ፣ በ1990ዎቹ ስም የነበረው የካርድ አምራች ከስሮ ከተዘጋ በኋላ "ቲኬት ቱ ራይድ 4" የተባለው ቺፑ ንድፍ ሲሊከን ስፔክትረም የሚባል ትንሽ ድርጅት እጅ ላይ ነበር። ድርጅቱ ኪክስታርተር ላይ ወጥቶ "200,000 ዶላር ካዋጣችሁልኝ ንድፉን አጽድቼ ለሁሉም እለቃለሁ" አለ። የተዋጣው ከታሰበው በጣም ያነሰ ነበር። ደግነቱ ሰዎቹ አላኮረፉም፤ ኋላ ላይ ኮዱን ጂፒኤል በተባለው ነፃ ፈቃድ ለቀቁት። ዛሬ ማንም ሰው አውርዶ ሊያነበው ይችላል። ይህ ማለት በአንድ ወቅት በእውነት ተመርቶ በእውነት የተሸጠ ግራፊክስ ቺፕ ዝርያ ሙሉ ንድፍ ለዓለም ክፍት ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው። አንባቢ ግን ከስንት አንድ ነው።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ገቡበት። የዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ሚያው የተባለ፣ የኤኤምዲን የትእዛዝ ቋንቋ የሚረዳ ክፍት ንድፍ አቀረቡ፤ የሒሳቡን ክፍል እንጂ ሥዕል የሚሥለውን ክፍል አላካተተም። የጆርጂያ ቴክ ቡድን ደግሞ ቮርቴክስ የተባለውን ሠራ። ቮርቴክስ የተመሠረተው ሪስክ-ፋይቭ በሚባለው ክፍት የፕሮሰሰር ቋንቋ ላይ ነው፤ በ2023 በወጣው ተከታይ ሥራቸውም ቩልካን የተባለውን ዘመናዊ የግራፊክስ መግባቢያ እንዲያስኬድ አድርገውታል። ስለዚህ "ንድፉን የሚያውቅ የለም" የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ያበቃል።

የቮርቴክስ ቁጥሮች ግን ሌላ ክርክር ይከፍታሉ። ቡድኑ በ2021 ባሳተመው ጽሑፍ 32 ኮር ያለው ቮርቴክስ በትልቅ ኤፍፒጂኤ ላይ በ200 ሜጋኸርዝ ሲሮጥ ከፍተኛው አቅሙ በሰከንድ 25.6 ቢሊዮን የሒሳብ ሥራ ነው። የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4090 ካርድ በሰከንድ ወደ 82 ትሪሊዮን ይደርሳል። ልዩነቱ ከሦስት ሺህ እጥፍ በላይ ነው። ይህ የንድፍ ችሎታ ልዩነት አይደለም ለማለት ያስቸግራል፤ በአመዛኙ ግን ንድፉ ያረፈበት ነገር ልዩነት ነው። ኤፍፒጂኤ ሁሉንም መሆን የሚችል ቺፕ ስለሆነ ለዚያ ችሎታው ፍጥነት ይከፍላል። 4090 በበኩሉ 76 ቢሊዮን ትራንዚስተሮች ታይዋን ውስጥ በዓለም ምርጡ ፋብሪካ አንድ ሥራ ብቻ እንዲሠሩ ሆነው የተቀረጹበት ነው።

ሊኑክስን እንደ ምሳሌ የሚጠቅሱ ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። የሶፍትዌር ኮድ ከተጻፈ በኋላ ማባዛቱ ዋጋ የለውም። አንዱ ሰው ስሕተት አግኝቶ ቢያርም እርማቱ በማግሥቱ ሚሊዮን ማሽን ላይ ይደርሳል። የቺፕ ንድፍ ግን እንደ ቤት ፕላን ነው፤ ፕላኑን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ለሰፈሩ ሁሉ ማደል ይቻላል፣ ሲሚንቶና ብረቱን ግን የሚያድል የለም። በዘመናዊው 5 ናኖሜትር ደረጃ አንድ ትልቅ ቺፕ ነድፎ ለምርት ማብቃት ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስወጣል የሚል ግምት በኢንዱስትሪው ውስጥ ይጠቀሳል። ቺፑ ተመርቶ ከመጣ በኋላ አንዲት ስሕተት ከተገኘች ደግሞ እንደ ሶፍትዌር በማታ ታርማ አታድርም፤ እንደገና ይመረታል፣ እንደገና ይከፈላል፣ ወራትም ይጠበቃል።

በዚህ በኩል ጥሩ ዜና የመጣው በ2020 ነው። ጉግልና ስካይወተር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ተስማምተው የ130 ናኖሜትር የማምረቻ መመሪያውን ለሕዝብ ክፍት አደረጉት። ከዚያ በፊት ይህ ዓይነት ሰነድ ምስጢር ለመጠበቅ ፈርመው ካልሆነ የማይነካ ነበር። ጉግል ክፍት ንድፎችን በራሱ ወጪ አስመረተላቸው፤ ለእያንዳንዱ ንድፍ የተሰጠው ቦታ 10 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ነው። አስተባባሪው ኢፋብለስ የተባለ ኩባንያ ነበር። በ2025 መጀመሪያ ላይ ኢፋብለስ ገንዘብ አልቆበት ተዘጋ፤ ትእዛዝ ሰጥተው ቺፓቸውን ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎችም እጃቸውን አጣጥፈው ቀሩ። ጀርመን ውስጥ አይኤችፒ የተባለው የምርምር ተቋም የራሱን የ130 ናኖሜትር መመሪያ ክፍት ማድረጉ በሩ ጨርሶ እንዳይዘጋ አድርጓል። ቢሆንም አንድ ነገር ግልጽ ሆኗል፦ የክፍት ሃርድዌር ሕይወት በአንድ ባለሀብት በጎ ፈቃድ ላይ ከተንጠለጠለ ዕድሜው የበጎ ፈቃዱን ያህል ነው።

ፋብሪካው ተገኘ እንበል። ገንዘቡም ሞላ። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ተራራ ድራይቨር ነው፤ ይኸኛው ደግሞ በገንዘብ ብቻ አይወጣም።

ማስረጃው ኢንቴል ነው። ኢንቴል የዓለም ትልልቅ የቺፕ ኩባንያዎች ውስጥ የሚቆጠር፣ ለዓመታት በላፕቶፖች ውስጥ የራሱን ግራፊክስ ሲያስገባ የኖረ ነው። በ2022 አርክ የተባሉትን ካርዶች ሲያወጣ ሃርድዌሩ ደኅና ሆኖ ሳለ የቆዩ ጌሞች እየተንቀረፈፉ አስቸገሩት። ኩባንያው ድራይቨሩን እያደሰ ካርዱ ምንም ሳይነካ ፍጥነቱ በግልጽ ጨመረ። ቻይና ውስጥም ታሪኩ ይመሳሰላል። ሙር ትሬድስ የተባለውን ኩባንያ በ2020 የመሠረተው ሰው የኤንቪዲያ የቻይና ኃላፊ የነበረ ነው። በ2022 የወጣው ኤስ80 የተባለው ካርዱ በወረቀት ላይ ካሉት ቁጥሮች አንጻር ከኤንቪዲያ መካከለኛ ካርዶች ጋር የሚተካከል ነበር፤ ጌም ሲከፈትበት ግን እጅግ ወደኋላ ቀረ። ምክንያቱ በአብዛኛው ያው ድራይቨር ነው። ኤንቪዲያና ኤኤምዲ ከሃያ ዓመት በላይ እያንዳንዱን ጌምና ፕሮግራም እያዩ የሰበሰቡት ዕውቀት ድራይቨራቸው ውስጥ ተቀብሯል። አዲስ ገቢ ያንን ከዜሮ ይጀምራል።

አንድ የጌም ባለሙያ በትርፍ ጊዜው አራት ዓመት ያህል ደክሞ፣ ፉሪጂፒዩ ብሎ የሰየመውን ካርድ ኤፍፒጂኤ ላይ ሠርቶ በ2024 ለሕዝብ አሳይቷል። ካርዱ በ1996 የወጣውን ኩዌክ የተባለ ጌም ያጫውታል። ሥዕል የሚሥለውን ወረዳ አንድ ሰው ብቻውን ነደፈው ማለት ነው፤ ሰውየው አሰቃቂው ክፍል የቱ ነበር ሲባል ያነሣው የዊንዶውስ ድራይቨር መጻፉን ነው።

ከድራይቨሩ ቀጥሎ ደግሞ ገመዱ አለ። አዎ፣ ገመዱ። ኤኤምዲ አዲሱን ኤችዲኤምአይ 2.1 በሊኑክስ ክፍት ድራይቨሩ ውስጥ ለማስገባት ኮድ ጽፎ ፈቃድ ጠየቀ። የኤችዲኤምአይ ፎረም በ2024 መጀመሪያ ላይ አይሆንም አለ፤ መስፈርቱ ምስጢር ስለሆነ ክፍት በሆነ ኮድ ውስጥ ሊታይ አይገባም። ልብ በሉ፣ የተከለከለው መንደር ውስጥ ያለ ክበብ አይደለም፤ ኤኤምዲ ነው። ዲስፕሌይፖርት የተባለው ሌላው መውጫ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ስለዚህ ክፍት ካርድ እሠራለሁ የሚል ሰው ገና ሲጀምር ኤችዲኤምአይን ሊተወው ይገባል። ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው ሰው ያዝናል፤ ምን ይደረግ።

እንግዲህ የሚቻለው የቱ ነው?

ከኤንቪዲያ ጋር የሚወዳደር ክፍት ካርድ በሚታይ ጊዜ ውስጥ አይሠራም። ይህንን እየማሉ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሰዎች ሊታመኑ አይገባም። ነገር ግን ሌላ ዓይነት ካርድ አለ፤ ስለ እሱ የሚነገረው ጥቂት ነው። በ2003 ኤንቪዲያ ራሱ ይሸጠው የነበረው ጂፎርስ ኤፍኤክስ 5800 በ130 ናኖሜትር የተመረተ፣ 125 ሚሊዮን ትራንዚስተር የያዘ ነበር። 130 ናኖሜትር ዛሬ መመሪያው በነፃ የሚወርድበት ደረጃ ነው። በዚያ ካርድ ሰዎች ባለ ሦስት ገጽታ ጌም ይጫወቱ፣ የሕንፃ ንድፍ ይሠሩ፣ ሁለት ስክሪን ያስኬዱ ነበር። የፓተንቱም ነገር ቀሏል፤ ፓተንት በተለምዶ 20 ዓመት ነው የሚቆየው። ለምሳሌ ኤስ3ቲሲ የተባለው የምስል ማመቂያ ዘዴ ፓተንት ለዓመታት ክፍት ድራይቨሮችን ሲያስጨንቅ ቆይቶ ጊዜው ሲያልቅ በ2017 ሜሳ የተባለው የክፍት ድራይቨሮች ስብስብ በነባሪነት አስገባው። የ1990ዎቹ መጨረሻ የግራፊክስ ብልሃት ዛሬ በአብዛኛው የሕዝብ ሀብት ነው።

"ማን ይገዛዋል?" የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፣ በቀልድ አይታለፍም። የኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ግራፊክስ ከዚህ ይበልጣል፣ ዋጋውም ከፕሮሰሰሩ ጋር ተደምሯል፣ ድራይቨሩም ክፍት ነው። ቤቱ የሚገዛ ሰው እንደማይገዛው መቀበል ይሻላል። ገዢው ሌላ ቦታ ነው። የአየር ትራፊክ መቆጣጠሪያ ስክሪን፣ የሆስፒታል የምስል ማሳያ፣ የባቡር ምልክት ሰሌዳ፣ የምርጫ ማሽን፤ እነዚህ ዕቃዎች ለዓመታት ሳይለወጡ እንዲሠሩ ይፈለጋል፣ ከውስጣቸው የሚሮጠውን ነገር ደግሞ የመንግሥት መርማሪ እስከ መጨረሻዋ መስመር ሊያነበው ቢችል ይመረጣል። ቲሞቲ ሚለር ከዚህ ገበያ ውስጥ የመጣ ሰው ሆኖ ሳለ ፕሮጀክቱ ያነጣጠረው በሊኑክስ ወዳዶች ዴስክቶፕ ላይ መሆኑ፣ ወደኋላ ሲታይ ትልቁ ስሕተቱ ይመስላል።

ገንዘቡም ከዚያው አቅጣጫ መምጣት አለበት። ኪክስታርተር ላይ 200,000 ዶላር ያልሞላለት ነገር ለአንድ መንግሥት የአንድ መንገድ ጥናት ዋጋ እንኳ አይሆንም። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ጭምር የሚሠራው የኔዘርላንዱ ኤንኤልኔት ፋውንዴሽን ሊብሬ-ሶክ የተባለውን ፕሮጀክት ደግፎ በ2021 በ180 ናኖሜትር የሙከራ ቺፕ እስከ ማስመረት አድርሶታል። ፕሮጀክቱ ያለመው ግራፊክስንም አጣምሮ የሚሠራ ፕሮሰሰር ነበር፤ በሙከራው የወጣው ግን የፕሮሰሰሩ ኮር ብቻ ነው። በጥቂት ገንዘብ እዚያ ከተደረሰ በደንበኛው በጀት የት እንደሚደረስ መገመት ይቻላል።

ሪስክ-ፋይቭም መታየት ያለበት በዚሁ ዓይን ነው። በ2010 በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለማስተማሪያና ለምርምር ተብሎ ሲጀመር ኢንቴልን ሊጥል የመጣ አልነበረም። ትንንሽ ቦታ ይዞ ቀረ፤ ሃርድ ዲስክ መቆጣጠሪያ ውስጥ፣ ርካሽ ቺፖች ውስጥ። ዛሬ ኤንቪዲያ ራሱ በካርዶቹ ውስጥ የውስጥ ሥራ የሚያስተዳድሩትን ትንንሽ ፕሮሰሰሮች የሚሠራው በሪስክ-ፋይቭ ነው። ክፍቱ ቋንቋ በዝግ ዕቃ ሆድ ውስጥ ገብቷል። ለግራፊክስም እንዲህ ያለ የጋራ ክፍት ቋንቋ ቢኖር፣ ድራይቨሩን አንድ ጊዜ በጋራ ጽፎ ለብዙ ቺፕ መጠቀም በተቻለ ነበር። ከፋብሪካው ወጪ ይልቅ ይህ ይበልጥ የሚያዋጣ ይመስላል፤ ለመጀመርም ፋብሪካ አይጠይቅም። ቬሪሌተርን የመሰሉ ነፃ ሶፍትዌሮች የቺፕ ንድፍን ያለ ቺፕ በተራ ኮምፒውተር ላይ ያስኬዳሉ፤ የአዲስ አበባም ሆነ የባሕር ዳር የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪ ቮርቴክስን አውርዶ ዛሬ ማታ ሊፈታታው ይችላል። ለዚህ የውጭ ምንዛሪ አይጠየቅም።

አንዳንዶች "ኤንቪዲያም እኮ እየከፈተ ነው፣ ምን ያስቸኩላል?" ይላሉ። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2012 ፊንላንድ ውስጥ ካሜራ ፊት ጣቱን አውጥቶ ኩባንያውን ከሰደበ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በሜይ 2022 ኤንቪዲያ የድራይቨሩን የከርነል ክፍል በክፍት ፈቃድ ለቀቀ። ዜናው በጭብጨባ ተቀበሉት። ኮዱ ሲታይ ግን ዋናው ሥራ ካርዱ ላይ ወደሚጫነው ዝግ ፕሮግራም ተዛውሯል፤ ሥዕሉን የሚያዘጋጀው የተጠቃሚው ክፍልም እንደተዘጋ ነው። በሩን ከፍቶ ዕቃውን ወደ ጓዳ ማስገባት ይሉታል እንዲህ ያለውን። የኤኤምዲም ካርድ ቢሆን ያለ ዝግ ፕሮግራሙ አይነሣም።

ያ ላፕቶፕ የገዛው ልጅ ነገሩን በእጁ ይነካዋል። ለኬፕለር ካርዱ ኑቮ የተባለውን፣ በጎ ፈቃደኞች የኤንቪዲያን ካርድ ከውጭ እየመረመሩ የጻፉትን ክፍት ድራይቨር ሊጭንበት ይችላል፤ የካርዱንም ፍጥነት ከፍ ማድረግ ይቻለዋል። ገንዘብ ጨምሮ ከዚያ የአንድ ትውልድ ያህል አዲስ የሆነውን ጂቲኤክስ 900 ቢገዛ ግን ኑቮ ካርዱን ከዝቅተኛው ፍጥነት ከፍ ሊያደርገው አይችልም። ከዚያ ትውልድ ጀምሮ ካርዱ የኤንቪዲያ ዲጂታል ፊርማ የሌለበትን ፕሮግራም አይቀበልም፤ ፊርማው ያለው ደግሞ ኤንቪዲያ ዘንድ ብቻ ነው።